የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ከጎጃም ሆኖ መሥራት፦ ለጀማሪዎች የሚጠቅም ተሞክሮ

ባሕር ዳር ተቀምጬ ለአጫጭር ፊልሞች፣ ለዘጋቢ ፊልሞች፣ አልፎ አልፎም ለሙሉ ርዝመት ፊልሞች ማጀቢያ ሙዚቃ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ መካከል ኪቦርድ የሚጫወቱ፣ በኮምፒውተር ቅንብር የሚሞክሩ፣ ወይም ከመዝሙር ተነሥተው ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላና ከፍኖተ ሰላም እየደወሉ «ለፊልም ሙዚቃ ለመሥራት ምን ያስፈልገኛል?» ብለው ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የሚጠብቁት የሶፍትዌር ስም ወይም የማይክሮፎን ዓይነት እንድነግራቸው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምላቸው ሙዚቃ የት መግባት እንደሌለበት መለየትን ተማሩ ነው። የሥራው ከባድ ክፍል እሱ ነው፤ ዕቃውም ሶፍትዌሩም በጊዜ ይለመዳል።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው አስቀድሞ ራሱን ችሎ የተሠራ ሙዚቃ በፈቃድ ወደ ፊልም ሲገባ ነው፤ ሌላው ለዚያው ፊልም ተብሎ፣ ከትዕይንቱ ጋር ተለክቶ የሚደረስ ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ሲሰሙ የብዙ የውጭ አገር ተመልካች ጆሮ ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዞሯል፤ ሆኖም ከመካከላቸው ከፊልሙ ብዙ ዓመት ቀድመው የተቀረጹ ቅንብሮች አሉ። በአንጻሩ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍን ከፒያኖ ተጫዋቹ ቪጃይ አየር ጋር ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) የሠራው ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን አይደለም። ዘፈን ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ የአድማጩን ሙሉ ጆሮ ይጠይቃል፤ ማጀቢያ ግን ጆሮውን ከተዋናዩ ቃል፣ ከበሩ መዘጋት፣ ከዝናቡም ጋር ይጋራል። ጥሩ ዘፈን የሚያቀናብሩ ልጆች ወደ ፊልም ሲመጡ የሚቸገሩት ለዚህ ነው፤ የሚጽፉት ነገር በጣም የተሟላ ስለሚሆን ለተዋናዩ ቦታ አይተውለትም።

እኔ ሥራ ስቀበል በመጀመሪያ ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጬ ፊልሙን ያለ ምንም ሙዚቃ አያለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስናየው ደግሞ በደብተር ላይ ሠንጠረዥ አሰምርና ሙዚቃው የሚገባበትን ሰዓት፣ የሚወጣበትን ሰዓት፣ በዚያ መሐል የሚናገር ሰው መኖር አለመኖሩን፣ በመጨረሻም «ለምን?» የሚለውን እሞላለሁ። «ለምን» በሚለው ሥር «የሚያሳዝን ስለሆነ» ብሎ መጻፍ በእኔ ዘንድ አይፈቀድም፤ ሐዘኑን ተዋናይዋ በፊቷ ካሳየችው እኔ ልደግመው የሚገባ ነገር የለም። «ተመልካቹ የማያውቀውን እሷ ስለምታውቅ» ወይም «ሦስት ዓመት እንዳለፈ የሚያሳይ ሌላ ነገር ስለሌለ» የሚል ከሆነ ግን ሙዚቃው ሥራ አለው ማለት ነው። ይህን ቦታ መሙላት ካቃተኝ መስመሩን እሰርዘዋለሁ። በመጀመሪያው ውይይት ከተመዘገቡት ቦታዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ይወድቃሉ፤ ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢለውም የተሠራውን ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና የፊልም ሙዚቃ ወሬ በተነሣ ቁጥር «ምስሉ ሰም፣ ሙዚቃው ወርቅ ነው» የሚል ሰው አይታጣም። አባባሉ ያምራል፤ ለሥራ ግን ብዙም አይረዳም፤ እንዲያውም ጀማሪውን በየምስሉ ሥር አንድ ምሥጢር ካልቀበርኩ እያሰኘ ያደክመዋል። ከቅኔ ቤት ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ሥርዓት ይመስለኛል፤ ተማሪው ቅኔ መቁጠር (ማበጀት) የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ባለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚሸጋገረው ቆይቶ ነው። የፊልም ሙዚቃም እንደዚያው በሃያ ሰከንድ ቢጀመር ጥሩ ነው። ሃያ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሐሳብ አንሥቶ ማሳረፍ የቻለ ሰው ሁለት ደቂቃ ሲሰጠው አይቸገርም፤ ሁለት ደቂቃ የለመደ ሰው ግን ሃያ ሰከንድ ሲሰጠው መግቢያውን ሳይጨርስ ትዕይንቱ ያልቅበታል።

አንዱን ሥራ ዘርዘር አድርጌ ላሳይ። በአንድ አጭር ፊልም ውስጥ እናት ልጇን ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስትሸኝ የሚያሳይ የ48 ሰከንድ ትዕይንት ነበር። ረዳቱ «አዲስ አባ! አዲስ አባ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል፤ እናትየዋ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ፈትታ በመስኮት ታቀብላለች፤ አውቶብሱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ እሷ ጥቂት ቆማ ፊቷን ታዞራለች። ዳይሬክተሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማሲንቆ በትዝታ እንዲሞላለት ፈልጎ ነበር። እኔ ደግሞ የሞተሩና የረዳቱ ድምፅ መለያየቱን በበቂ ሁኔታ እየነገረን ነው፤ ሙዚቃው አውቶብሱ ከምስሉ ከወጣ በኋላ ባለው 16 ሰከንድ ውስጥ ብቻ ይግባ አልኩ። ሙግቴ የስሜት ብቻ አልነበረም፤ የማሲንቆ ድምፅ ከሰው ድምፅና ከሞተሩ ጉርምርምታ ጋር በአንድ አካባቢ ስለሚያርፍ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲሰሙ አንዱም በቅጡ አይለይም።

16 ሰከንድ እንዴት እንደሚከፈል ማስላት የሥራው ደረቅ ክፍል ነው፤ ግን አይታለፍም። በደቂቃ 75 ምት ብትይዙ አንዱ ምት 0.8 ሰከንድ ይሆናል፤ ስለዚህ 16 ሰከንድ 20 ምት፣ በአራት አራት ሲከፈል ደግሞ 5 ባር ነው። ፊልሙ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚሄድ ስለነበር እያንዳንዱ ምት በትክክል 20 ፍሬም ላይ ያርፋል። አራቱን ባር ለዜማው ሰጠሁና አምስተኛውን ባዶ ተውኩት፤ እናትየዋ ፊቷን የምታዞረው በዚያ ባዶ ባር ላይ ነው። የተወሰነ ቁጥር ላይ ከመድረሴ በፊት 72ንም 80ንም ሞክሬ ነበር፤ በ80 ዜማው ቶሎ አልቆ ዝምታው ከሚገባው በላይ ረዘመ፤ በ72 ደግሞ የመጨረሻው ድምፅ ፊቷን ስታዞር ይደርስባታል። ጥሩ ምት ማለት ለጆሮ የሚስማማ ብቻ ሳይሆን ከአርትዖቱ ጋርም የሚታረቅ ነው።

ማሲንቆውን የተጫወቱልኝ ከብቸና በኩል የመጡ ሸምገል ያሉ አዝማሪ ነበሩ። እንደ ስቱዲዮ ሙዚቀኛ የምት መቁጠሪያውን በጆሮ ማዳመጫ አሰማኋቸው። ትንሽ ሰሙና አወለቁት። «ልጄ፣ ይኼ ጆሮዬ ውስጥ የሚያንኳኳው ማን ነው? እሱ ከቻለ እሱ ይጫወተው እንጂ እኔን ምን አስጠራኝ?» አሉ። «እንግዲያስ ጋሼ፣ ሴትዮዋን እያዩ ይጫወቱ» ብዬ መቁጠሪያውን አጥፍቼ ምስሉን በትልቁ ስክሪን ከፊታቸው አደረግሁላቸው። አንዴ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ደጋኑን አንሥተው አውቶብሱ እንደወጣ ጀመሩ፤ እናትየዋ ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ በፊት ደጋኑን ከጅማቱ ላይ አነሡ። የሰጠኋቸውን ዜማ እንዳለ አልተጫወቱትም፤ ሦስተኛውን ሐረግ አሳጥረው አራተኛው ላይ ቆዩ። እኔ የቀረኝ ቀረጻውን በጥቂት ፍሬም ወደኋላ መሳብና ከሥር ያስቀመጥኩትን ዝግ ያለ አጀብ ከእሳቸው ትንፋሽ ጋር ማስተካከል ነበር። ከባህል መሣሪያ ተጫዋቾች ጋር ስትሠሩ ስሌቱ ቦታውን ለማዘጋጀት እንጂ ሰውየውን ለማሰር አይሁን። ኮምፒውተሩ የምቱን ካርታ ከእጃቸው ጋር ሊያስማማ ይችላል፤ እጃቸው ግን ለኮምፒውተሩ ሲታዘዝ ዜማው ይደርቃል።

ከቅኝት ጋር በተያያዘም እንዲሁ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች መሣሪያውን የሚያስተካክለው ለድምፁ እንደሚመቸው ስለሆነ ከኪቦርዱ 440 ኸርዝ (መደበኛው የላ ድምፅ) ጋር ይገጥማል ብላችሁ አትጠብቁ። አስቀድማችሁ እሳቸውን ቅረጹ፤ ከዚያ የኪቦርዱን ወይም የሶፍትዌሩን ጠቅላላ ቅኝት በሳንቲም (የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ወደ እሳቸው አምጡት። ዋሽንት ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ የአንዱ ዋሽንት ድምፅ በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ስለሆነ ተጫዋቹ የተለያየ ቁመት ያላቸውን ይዞ እንዲመጣ ቀድማችሁ ንገሩት። ማይክሮፎኑን ከማሲንቆው ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ወደ ቆዳው አዙራችሁ አስቀምጡ፤ ወደ ደጋኑ ካዞራችሁት ከዜማው ይልቅ የፈረስ ጭራውን ፍትጊያ ትቀርጻላችሁ። በክረምት ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ ይረግባል፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሞቅ የማድረጊያ ዘዴ አላቸውና ጊዜ ስጧቸው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም በቀን መቅረጽ የማይታሰብ ነው፤ ዝናቡ ያቆመ ቀን ደግሞ ባጃጁ አለ። እኔ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በጋቢ ሸፍኜ በሌሊት እቀርጻለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይበላሽ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕና አነስተኛ መቅረጫ ከትልቅ ኮምፒውተር ይልቅ ጠቅሞኛል።

ስለ ቅኝት አጠቃቀም ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ከሌላው አገር የፊልም ሙዚቀኛ የተሻለ ነገር በእጃችን አለና። በፊልሞቻችን ውስጥ አንድ ሰው ባዘነ ቁጥር ትዝታ ይመጣል። ትዝታ ሐዘንን ብቻ የሚናገር ቅኝት አይደለም፤ ናፍቆትን፣ የተወደደ ነገርን ማስታወስን፣ አንዳንዴም ደስታን ይይዛል። ለእኔ ብዙ ሥራ ያቀለለልኝ በትዝታ ማይነርና በአምባሰል መካከል ያለው ዝምድና ነው። ከዶ የሚነሣው ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። አንድም ድምፅ ሳትቀይሩ ማረፊያውን ከዶ ወደ ሶል ብታዞሩት ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል ይሆናል፤ ይህም ከሶል የተነሣ አምባሰል ነው። ስለዚህ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የአንዲት ሴት ትዝታ ሆኖ የተሰማው ዜማ፣ በመጨረሻው ክፍል ላይ ክራሩ እንደገና መቃኘት ሳያስፈልገው፣ ማረፊያውን ብቻ ለውጦ ሌላ ፊት ሊያሳይ ይችላል። ተመልካቹ ምን እንደተለወጠ መናገር አይችልም፤ መለወጡን ግን ይሰማዋል። እርግጥ አምባሰል የራሱ የአነጋገር ልማድ ስላለው ድምፆቹን ማዘዋወር ብቻውን አይበቃም፤ ጥሩ አምባሰል የሚጫወት ሰው አስቀምጦ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ለውጥረት ደግሞ አንቺሆዬን እመርጣለሁ፤ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ የሚለው አደራደር ውስጥ ያሉት የተጠጋጉ ድምፆች ከፍርሃት ፊልም የተቀዳ የቫዮሊን ጩኸት የማይሰጠውን ጭንቀት ይሰጣሉ።

መሣሪያዎቹም ከነትዝታቸው እንደሚመጡ አትርሱ። በገና በጎጃም ተመልካች ጆሮ ዐቢይ ጾም ነው፤ በፍቅር መለያየት ላይ ከገባ ተመልካቹ ከታሪኩ ወጥቶ «ምነው?» ይላል። ማሲንቆ የአዝማሪውን ነገረኛነት ይዞ ስለሚመጣ ቧልትም ሐዘንም ይሸከማል። ዋሽንትን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፤ ድሮን ተነሥቶ ጭስ ዓባይን ወይም የጮቄን ሜዳ ባሳየ ቁጥር ዋሽንት መንፋቱ ይብቃን። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የየራሳቸው ጊዜና ቦታ ስላላቸው የበዓል ትዕይንት ላይ የጾም ዜማ ያስገባ አቀናባሪ በመጀመሪያው ምርቃት ላይ ከአንድ መሪጌታ ተግሣጽ መቀበሉ አይቀርም። ከመቅረጽ በፊት ማጣራት የአንድ ስልክ ጉዳይ ነው።

ከአርታኢው ጋር የሚኖረውን ቴክኒካዊ ግንኙነት ባጭሩ ላንሣ። አርትዖቱ መጠናቀቁን ሳታረጋግጡ አትለኩ። የምስሉን የፍሬም ፍጥነት በጽሑፍ ጠይቁ። በሰከንድ 24 የተቀረጸ ፊልም በስሕተት በ25 ቢሄድ የ10 ደቂቃው ፊልም በ24 ሰከንድ ያጥራል፤ ይህ ግልጽ ስለሆነ ቶሎ ይታያል። የሚያታልለው በ23.976ና በ24 መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ 0.6 ሰከንድ ያህል ስለሚሆን መጀመሪያው ተስተካክሎ መጨረሻው ይንሸራተታል። ሰዓቱ በምስሉ ላይ ተጽፎ ይምጣላችሁ። የጨረሳችሁትን በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አስረክቡ፤ ዜማውን፣ አጀቡንና ምቱን ለየብቻ፣ ሁሉም ከአንድ ነጥብ ጀምረው እንዲሄዱ አድርጋችሁ ስጡ። ያን ጊዜ ድምፅ የሚቀላቅለው ሰው የተዋናዩ ቃል ሲሸፈንበት ሙዚቃውን ሁሉ ከሚቀንስ ማሲንቆውን ብቻ ዝቅ ያደርጋል።

ዳይሬክተሮች ብዙ ጊዜ ሲያርትዑ ከሌላ ፊልም የወሰዱትን ሙዚቃ በጊዜያዊነት ያስገቡና እሱን ለምደው ይመጣሉ። «እንደዚህ ይሁንልኝ» ሲሏችሁ ተመሳሳዩን አትጻፉ፤ መብትም ክብርም ይነካል። የወደዱት ፍጥነቱን ይሁን፣ የመሣሪያውን ቀለም ይሁን፣ ወይስ ዘግይቶ መግባቱን ለይታችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የወደዱት አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ደግሞ በራሳችሁ ዜማ ሊሰጥ ይችላል።

ወደ ኑሮው ስንመጣ፣ በጎጃም ከፊልም ሙዚቃ ብቻ የሚተዳደር ሰው አላውቅም። እኔም መዝሙር እቀርጻለሁ፤ ለዘፋኞች አቀናብራለሁ፤ ለማስታወቂያ እሠራለሁ። ይህን እንደ ውርደት የሚያዩ ልጆች አሉ። ጣሊያናዊው ኤንዮ ሞሪኮኔ (እ.ኤ.አ. 1928–2020) ጥሩምባ የተማረ፣ በወጣትነቱም ለዘፋኞች ዘፈን በማቀናበር ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። ለፊልምና ለቴሌቪዥን ከ400 በላይ ሥራዎች ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የክብር ኦስካር ከተሰጠው በኋላ እንኳ በውድድር ያሸነፈው በ2016፣ በ87 ዓመቱ ነው። ከዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ሊዮኔ ጋር ሲሠራ ገና ፊልሙ ሳይቀረጽ የተዘጋጀ ዜማ በቀረጻው ቦታ ተዋንያኑ እንዲሰሙት የተደረገበት ጊዜ ነበር። ሙሉ ኦርኬስትራ ባልነበረበትም ፉጨት፣ ጅራፍና ደወል በሙዚቃው ውስጥ አስገብቷል። ከዚህ የወሰድኩት ቀላል ነገር ነው። የኦርኬስትራ ድምፅ በኮምፒውተር ከመኮረጅ ይልቅ በአንድ የገጠር ታሪክ ላይ የሙቀጫ ድምፅን እንደ ምት ተጠቅሜ ነበር፤ ወጪው ለጎረቤቴ ቡና ማስወቀጥ ብቻ ሆነ። ከዳይሬክተሮች ጋርም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዜማ ልኬ መነጋገርን ለምጃለሁ፤ አርትዖቱ አልቆ ሦስት ቀን ሲቀረው ከመጠራት ያድናል።

ውል ሳይፈረም አትጀምሩ፤ ዳይሬክተሩ የአብሮ አደግ ጓደኛ ቢሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ለሙዚቃ ደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብቱን በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ ያንን መብት ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። በውሉ ላይ ሙዚቃው ለየትኛው ፊልም እንደሆነ፣ ለማስታወቂያና ለተከታይ ክፍል ለየብቻ እንደሚከፈል፣ ስማችሁ በፊልሙ ላይ እንዴት እንደሚጻፍና ስንት ጊዜ እንደምታርሙ ይስፈር። አንድ ድርጅት ለዘጋቢ ፊልም የሠራሁለትን ዜማ ቆርጦ በሬዲዮ ማስታወቂያ ሲያሰማው አገኘሁት፤ ለማስታወቂያ ለብቻው ይከፈላል የምትል አንዲት መስመር በውሉ ውስጥ ስለነበረች ነገሩ በስልክ አልቆ ተከፍሎኛል። ክፍያውን ስትፈርሙ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስታሰሙና ስታስረክቡ በሦስት ከፍላችሁ ተቀበሉ፤ በመጨረሻ የሚከፈል ገንዘብ ፊልሙ ገበያ ካጣ አብሮ ይጠፋል።

ማሲንቆና ዋሽንት የሚጫወቱላችሁ ሰዎችም በዚሁ አዋጅ የከዋኝነት (በተጫዋችነታቸው የሚያገኙት) መብት አላቸው። ብዙዎቹ ከገጠር ስለሚመጡና ማንበብ የማይችሉም ስላሉባቸው ስምምነቱን በቤተሰባቸው ወይም በሚያምኑት ሰው ፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ቅጂውን እሰጣለሁ፤ ስማቸው በፊልሙ ላይ እንዲወጣም ለዳይሬክተሩ ጽፌ እልካለሁ። ገንዘባቸውን የፊልሙ ባለቤት እስኪከፍለኝ ሳልጠብቅ በቀረጻው ዕለት በእጃቸው እሰጣለሁ፤ ለዚህም ስል ቅድመ ክፍያዬ ሳይገባ ሙዚቀኛ አልጠራም።